ጀርመንኛና የጣና ብራናዎች፦ ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ ክብራን ገብርኤል ካታሎግ

መግቢያ

በሀገራችን ጀርመንኛ የሚማር ሰው ሲገኝ «ለምን?» ተብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። የሚጠበቀውም መልስ ወይ የነጻ ትምህርት ዕድል፣ ወይ የምሕንድስና ወይም የሕክምና ሙያ፣ ወይ ደግሞ ወደ ጀርመን ሄዶ መሥራት ነው። «የግእዝና የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለማጠና ነው» የሚል መልስ ግን ጠያቂውን ግራ ያጋባዋል። ይሁን እንጂ በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ቆሞ የክብራንን ደሴት ለሚመለከት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከምክንያቶቹ ሁሉ ቅርብ የሆነው ይኸኛው ነው። በደሴቲቱ ገዳም የሚገኙት ብራናዎች አንድ በአንድ ተመርምረው፣ ይዘታቸውና ዕድሜያቸው ተገልጾ በ1973 የታተመው ካታሎግ የተጻፈው በጀርመንኛ ነውና።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት ይሞክራል። አንደኛው፣ ጀርመንኛ እንዴት የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ቋንቋ ለመሆን እንደበቃና በዚህ ሂደት ውስጥ የኢትዮጵያውያን መምህራን ድርሻ ምን እንደነበረ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ቋንቋውን የሚማር ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እስከ የትኛው ደረጃ መዝለቅ እንዳለበት ነው። «ጥቂት ጀርመንኛ ከምንም ይሻላል» የሚለው አስተያየት ለንግድና ለጉብኝት ይሠራ ይሆናል። ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ግን አደጋ እንዳለው ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

በግእዝ የተጀመረ ትውውቅ

የኢትዮጵያና የጀርመን የቋንቋ ግንኙነት የተጀመረው ኢትዮጵያውያን ጀርመንኛ በመማራቸው ሳይሆን አንድ ጀርመናዊ ግእዝ በመማሩ ነው። በ1624 በኤርፉርት ከተማ የተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ በዘመኑ በአውሮፓ ይገኙ ከነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ግእዝን በራሱ ጥረት ካጠና በኋላ፣ በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ምድር ከምትገኘው ከመካነ ሥላሴ የተነሡ፣ ከኢየሱሳውያን ጋር ቅርበት የነበራቸው፣ ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ በስደት ሮም የደረሱ ካህን ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱ ሰዎች የተግባቡበት ቋንቋ ነው። ሉዶልፍ አማርኛ አያውቅም፤ አባ ጎርጎርዮስም ጀርመንኛ አያውቁም። መገናኛቸው ግእዝ ሆነ። በእኛ ዘንድ በቅኔ ማሕሌትና በመጽሐፍ ቤት የተወሰነው ቋንቋ በአንድ ኢትዮጵያዊና በአንድ ጀርመናዊ መካከል የጥያቄና የመልስ ቋንቋ ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ሄደው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። ስለ ሀገራቸው ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ሕግና ቋንቋ የቀረበላቸውን ጥያቄ ሁሉ መለሱ። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ መጻጻፋቸው አልቀረም። አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 እስክንድሩና አጠገብ በመርከብ አደጋ ሞቱ።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ሰፊ ነው። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩን ማብራሪያ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጣትም። አማርኛውን ያገኘው በመጀመሪያ ደረጃ ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት ነው። የመምህሩንም ስም አልደበቀም፤ በሥራዎቹ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣቸዋል፤ ምስላቸውንም በማብራሪያው አትሞታል። ይህን የምጠቅሰው ለምስጋና ብቻ አይደለም። የአማርኛ ሰዋስው ጥናት በአውሮፓ ሲጀመር መምህሩ ኢትዮጵያዊ፣ ተማሪው ጀርመናዊ እንደነበረ ማስታወስ ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ሚዛን ይሆናል።

ከላቲን ወደ ጀርመንኛ

ሉዶልፍ የጻፈው በላቲን ነበር። የዘመኑ የምሁራን ቋንቋ ላቲን በመሆኑ ጀርመናዊውም፣ እንግሊዛዊውም፣ ጣሊያናዊውም እኩል ያነበው ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የለውጡ መካከለኛ ሰው አውጉስት ዲልማን ሲሆን፣ ሁለቱን ዘመናት በራሱ ሥራዎች ውስጥ ያሳየናል። በ1857 ያሳተመው የግእዝ ሰዋስው በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። በ1865 ያሳተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ግን አሁንም በላቲን ነው። ሰዋስውን ለማንበብ ጀርመንኛ፣ መዝገበ ቃላቱን ለመፍታት ላቲን አስፈለገ ማለት ነው። ሰዋስው በ1907 ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎሙ ለብዙዎቻችን ተደራሽ ሆኗል።

ከዲልማን በኋላ የመጡት ሊቃውንት በአብዛኛው በጀርመንኛ ቀጠሉ። ፍራንጽ ፕሬቶሪየስ በ1879 በሃለ ከተማ ያሳተመው የአማርኛ ቋንቋ ጥናት በዘመኑ ከነበሩት የአማርኛ ሰዋስዎች ሁሉ ሰፊው ነበር። ኤኖ ሊትማን በ1906 ወደ አክሱም የመጣውን የጀርመን የጥናት ጉዞ መርቶ ውጤቱን በ1913 በአራት ቅጾች አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት በ1914 ደግሞ ስለ ጥንታውያኑ የአማርኛ የነገሥታት መዝሙሮች ያደረገውን ጥናት አሳተመ። እነዚህ መዝሙሮች፣ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የቀረቡት፣ ከምናውቃቸው የአማርኛ ግጥሞች ሁሉ ቀደምቶቹ እንደሆኑ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ግጥሞቹ የእኛ ናቸው፤ ከቀደሙት ትንታኔዎቻቸው ዋናው ግን በጀርመንኛ ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ ከሥሩ ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ከዚህ ቋንቋ ጋር ይገናኛል።

የይፋጉ አለቃ በበርሊን

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ። በ1905 በፍሪድሪኽ ሮዘን የተመራው የጀርመን መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም አማርኛና ግእዝ እንዲያስተምሩ ወደ በርሊን ተላኩ።

አለቃ ታየ ከጣና በስተ ምሥራቅ በቤጌምድር ከምትገኘው ከይፋግ የተገኙ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። የሀገር ቤቱንም ትምህርት አልተዉም። «መጽሐፈ ሰዋስው» የተሰኘውን የግእዝ ሰዋስዋቸውን በ1889 ዓ.ም. አሳትመዋል። በርሊን ሲደርሱ በ1887 በተቋቋመው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ሆነው እስከ 1908 ቆዩ። ትምህርት ቤቱ ለዲፕሎማቶች፣ ለአስተርጓሚዎችና ለነጋዴዎች ሕያው ቋንቋ ለማስተማር የቆመ ነበር። በዚያ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ ኦይገን ሚትቮኽ ነው። ሚትቮኽ አለቃ ታየ በበርሊን በነበሩበት ጊዜ በ1907 ከአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ አንደበት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አሳተመ። በ1926 ደግሞ የግእዝን ባህላዊ ንባብ የሚመለከት መጽሐፍ አወጣ።

የኋለኛው መጽሐፍ ጉዳይ ለእኛ ትርጉም አለው። የአውሮፓ ሊቃውንት ግእዝን በዐረብኛና በዕብራይስጥ ሚዛን እየመዘኑ «እንዲህ መነበብ አለበት» ሲሉ ቆይተዋል። ሚትቮኽ ግን በቤተ ክርስቲያናችን እንዴት እንደሚነበብ፣ የትኛው ቃል ተነሥቶ፣ የትኛው ወድቆ፣ የቱ ጠብቆና የቱ ላልቶ እንደሚነገር መዝግቦ አቀረበ። የንባብ ቤት ትምህርት በጀርመንኛ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ከጀርመን ተማሪ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ የሚገለጸውን ነገር ከጆሮው ያውቀዋል። የሚጎድለው የተገለጸበት ቋንቋ ብቻ ነው።

በጀርመንኛ የተመረቁ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አቅጣጫው መለወጥ ጀመረ። ኢትዮጵያውያን ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመማር ወደ ጀርመን ሄዱ። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የትምህርት ክፍል ቅርብ የሆኑትን ሁለት ስሞች ማንሳት ይበቃል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ሁለቱም በካይሮ ከተማሩ በኋላ ወደ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሄደው በ1962 የዶክትሬት ማዕረግ አግኝተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው በኋላ በአሜሪካ በኮሌጅቪል የኢትዮጵያን ብራናዎች ማይክሮፊልም በመመርመርና ካታሎግ በማዘጋጀት፣ እስከ 2021 በዘለቀው ዕድሜያቸው፣ በመስኩ በዓለም ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነዋል። ዶክተር አምሳሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው፣ በመዝገበ ቃላትና በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሥራዎቻቸው ብዙ ትውልድ አፍርተዋል።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ ውስጥ የማየው ነገር አለ። ጀርመንኛን የተማሩት ጀርመኖች የጻፉትን ለመድገም አልነበረም፤ ለመመርመር ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው የአውሮፓውያንን ትርጉም ሲያርሙ በአንድ እጃቸው የሀገር ቤቱን ግእዝ፣ በሌላው የፊሎሎጂውን ዘዴ ይዘው ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ የማይሰማ ቅሬታ፣ ወይ የተዋሰ ድምፅ ሆኖ ይቀር ነበር።

በዚያው በ1962 የጎይተ ተቋም በአዲስ አበባ ተከፈተ። ስለዚህ ቋንቋውን ለመማር ባሕር መሻገር የግድ መሆኑ ቀረ። ነገር ግን ከተማሪዎቹ መካከል ለብራና ጥናት ብሎ የሚመጣው ሁልጊዜም ጥቂት ነው።

የጣና ካታሎግ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የሐምቡርጉ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ደሴቶች እየተዘዋወረ የገዳማቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1973 ታተመ፤ የጉዞውን ዘገባና የክብራን ገብርኤልን ብራናዎች መግለጫ የያዘ ነው። ሁለተኛው ቅጽ በ1977 የደብረ ማርያምንና የሬማን ብራናዎች አቀረበ። ሦስተኛውን ቬሮኒካ ዚክስ በ1999 አሳተመች። ሦስቱም በጀርመንኛ ናቸው።

የስፍራዎቹን ቅርበት ማሰብ ያስፈልጋል። ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ፣ ከባሕር ዳር በታንኳ ጥቂት ተቀዝፎ የሚደረስባት ናት። ክብራንም ሩቅ አይደለችም። በካታሎጉ «ጣናዜ 1» ተብሎ የተመዘገበው የክብራን ወንጌል በሥዕሎቹ በዓለም የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ሬማ ደግሞ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የተቀበሩባት ናት።

ክብራን በሥርዓቱ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። ይህ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ እዚህ ልከራከርበት አልሻም። ነገር ግን ከባሕር ዳር ዳርቻ ሆና ደሴቲቱን በየቀኑ የምታይ አንዲት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብራናዎቹን ለማወቅ ያላት መንገድ ምንድን ነው? ፎቶግራፍና ካታሎግ ነው። ለወንድ ተማሪም ቢሆን በመቶዎች ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለውን ብራና እንደ ልብ ማገላበጥ አይቻልም፤ መሆንም የለበትም። ስለዚህ ካታሎጉ ለሁለቱም በር ነው፤ ለእርሷ ግን ከዚያ በቀር ሌላ በር የለም። በሩ የተጻፈበትን ቋንቋ አለማወቅ፣ ከጣና ዳር ተወልዶ ስለ ጣና ከሦስተኛ ሰው መስማት ይሆናል።

«ይባላል» የሚለው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ እመጣለሁ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ባወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ መሠረት ተማሪዎች በስድስት ደረጃ ይመደባሉ። አራተኛው፣ «ቢ2» የሚባለው፣ ከፍተኛው መካከለኛ ደረጃ ነው። እዚህ የደረሰ ሰው ውስብስብ ጽሑፍን ዋና ሐሳቡን፣ በራሱ ሙያ የተጻፈውንም ጭምር፣ ይረዳል ተብሎ ይጠበቃል። ብዙ ተማሪ ግን ከዚህ በፊት ያቆማል። ሰላምታ ከለየ፣ ጋዜጣ በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ካነበበ፣ «ይበቃኛል» ይላል።

የማይበቃበትን ምክንያት በምሳሌ ላሳይ። በአንድ የብራና መግለጫ ውስጥ «ዴር ኬኒኽ ዞል ዳስ ቡኽ ገሽቲፍተት ሃበን» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገኝ፣ ጀማሪው «ዞል» የሚለውን ግስ «ይገባል» ብሎ ተምሮታልና «ንጉሡ መጽሐፉን መስጠት ይገባቸዋል» ብሎ ይፈታዋል። መካከለኛው ተማሪ የመጨረሻዎቹን ቃላት ብቻ ይይዝና «ንጉሡ መጽሐፉን ሰጥተዋል» ይላል። ትክክለኛው ፍች ግን «ንጉሡ መጽሐፉን ሰጥተዋል ይባላል» ነው። ጸሐፊው የሰማውን ነገረን እንጂ ምስክርነቱን አልሰጠም። እንዲሁም «ኢስት» የሚለው «ነው» ሲሆን፣ «ዛይ» የሚለው ግን በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ነው ይላሉ» ማለት ነው። «ቮል» እና «ፌርሙትሊኽ» ግምትን፣ «አንጌብሊኽ» ደግሞ ጸሐፊው የማያምንበትን ወሬ ያመለክታሉ። ቃላቱ ጥቃቅን ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ ያለ እነርሱም የሚሟላ ይመስላል። ስለዚህም በችኩል ንባብ ቀድመው የሚዘለሉት እነርሱ ናቸው።

ሲዘለሉ የሚሆነውን እንመልከት። የሊቁ ግምት በእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እርግጠኛ ታሪክ ይሆናል። ከዚያ ሌላው ይጠቅሰዋል፤ ሦስተኛው ይደግመዋል። በመጨረሻ «የውጭ ሊቃውንት አረጋግጠዋል» ይባላል። ሊቁ ግን «ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አልፎ አያውቅም። የአንድ ብራና ዘመን፣ የአንድ ድርሰት ባለቤት፣ የአንድ ገዳም መሥራች ስም በዚህ መንገድ ሊጣመም ይችላል። ከፍተኛው መካከለኛ ደረጃ የሚያስፈልገን ጀርመንኛ በአማረ አነጋገር ለመናገር አይደለም። የጸሐፊው ጥርጣሬ የሚታየን ከዚህ ደረጃ ጀምሮ ስለሆነ ነው። ከዚያ በታች የምናነበው ሊቁ ያልጻፈውን እርግጠኝነት ነው።

ይህን ጥንቃቄ ለመማር የእኛ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። የአንድምታ ትርጓሜ የሰማ ሰው «አንድም» የምትለዋ ቃል ብትዘለል ትርጓሜው ሁሉ እንደሚፈርስ ያውቃል። በሰዋስውም በኩል ቢሆን አማርኛ ተናጋሪው ያልጠበቀው ስንቅ አለው። የጀርመንኛ አስተማሪዎች ከከባዶቹ ነገሮች አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት ከስም በፊት የሚደረደረውን ረጅም ቅጽል ነው። «ዳስ አውፍ ዴር ኢንዝል ገሽሪበነ ቡኽ» የሚለውን ሐረግ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ይፈታዋል። እኛ ግን «በደሴቱ ላይ የተጻፈው መጽሐፍ» ብለን በቅደም ተከተሉ እናነበዋለን። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሱ እስከ መጨረሻው የሚጠበቅ መሆኑም ግስን በመጨረሻ ለሚያኖር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጀርመንኛ በምማርበት ጊዜ ይህን ያስተዋልሁት እንግሊዝኛውን ከመካከል አውጥቼ ሐረጉን በቀጥታ ከአማርኛ ጋር ሳስተያይ ነው። በሀገራችን የሚገኙት የጀርመንኛ መማሪያዎች በብዛት በእንግሊዝኛ በኩል የሚያልፉ በመሆናቸው ይህ ጥቅም ሳይታወቅ ይባክናል።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ጀርመኖች ራሳቸው አሁን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ የሚል ነው። እውነት ነው። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፔዲያ በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን እዚያው ውስጥ ያሉት ብዙ አንቀጾች የቆሙት በቀደሙት የጀርመንኛ ሥራዎች ላይ ነው። ማጠቃለያውን ያነበበ ሰው ማስረጃውን ለመመርመር ሲፈልግ ተመልሶ ወደ ጀርመንኛው ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚተረጉም መሣሪያ አለ የሚል ነው። መሣሪያው ብዙ ይረዳል፤ አልንቀውም። ነገር ግን ትርጉሙ «ይባላል» የሚለውን ጠብቆት እንደሆነ ወይም ጥሎት እንደሆነ የሚያውቀው ዋናውን ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው። በግእዝ ጥቅስ፣ በላቲን ምኅጻረ ቃልና በጀርመንኛ ሐተታ በተሞላ ገጽ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው ጀርመንኛ ለኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ከዳር የመጣ ተጨማሪ ቋንቋ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ፣ አለቃ ታየ በበርሊን ያስተማሩት ትምህርት በላቲንና በጀርመንኛ ተጽፎ ተቀምጧል። ከዚያ የምንፈልገው ትልቁ ክፍል ከእኛው ሀገር ሰዎች አንደበትና ከእኛው ገዳማት ዕቃ ቤት የወጣ ነው። መልሶ ማንበብ የራስን አደራ መመርመር እንጂ የሌላውን ቤት መጎብኘት አይሆንም።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። በጣና ዙሪያ ግእዝና የብራና ጥናት የሚያጠኑ ተማሪዎች ጀርመንኛን ለንባብ ዓላማ፣ ከጅምሩ በካታሎግና በሰዋስው ጽሑፎች ላይ ተመሥርተው፣ እስከ ከፍተኛው መካከለኛ ደረጃ ቢማሩት ይበጃል። ደብል፣ ገበታ፣ ዓምድ፣ የባለቤትነት ጽሑፍና የግዝት ቃል በጀርመንኛ ምን እንደሚባሉ በመጀመሪያው ዓመት ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ለዚህ የሚሆን መማሪያ በአማርኛ ቢዘጋጅ፣ ከአማርኛና ከግእዝ ሰዋስው ተነሥቶ ወደ ጀርመንኛ የሚሻገር እንጂ በእንግሊዝኛ የሚዞር ባይሆን፣ ድካሙ በብዙ ይቀንሳል። የክብራንና የደብረ ማርያም ብራናዎች ካታሎግ ወደ አማርኛ የሚመለሰውም በእንዲህ ያሉ ተማሪዎች እጅ ነው። ያን ጊዜ ሊቁ «ነው» ያለውን ነው፣ «ይባላል» ያለውን ይባላል ብለን እንተረጉማለን፤ ከዚያም በተራችን በብራናው አጠገብ ሆነን ትክክል መሆኑን እንመረምራለን።